የሲዳርታ አባት ምን ሆነ?

በዚህ ዓመት በካምፓሳችን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ ካየኋቸው መጻሕፍት መሀል የሄርማን ሄሰን «ሲዳርታ» የሚያህል የለም። ትንሽ መጽሐፍ ናት፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃታል። ሄሰ በጀርመንኛ ያሳተማት እ.ኤ.አ. በ1922 ነው። ወደ እንግሊዝኛ የተመለሰችው በ1951 ሲሆን፣ በስድሳዎቹ ዓመታት የአሜሪካ ወጣት በኪሱ ይዟት ይዞር ነበር፤ በ1972 ደግሞ ፊልም ሆናለች። እኔ ያነበብኩት ቅጂ ሽፋኑ ተገንጥሎ በፕላስተር ተለጥፏል። ከእኔ በፊት ያነበቡት ሰዎችም አንዱ በእርሳስ፣ አንዱ በቀይ እስክሪብቶ፣ ሌላው ምንም ቢያጣ ይመስለኛል በጥፍሩ አስምረውበታል። ሦስቱም የተስማሙበት አንድ ገጽ አለ። መጨረሻው ምዕራፍ ላይ ያረጀው ሲዳርታ ለልጅነት ጓደኛው ለጎቪንዳ የሚናገረው ነው። ፍሬ ነገሩ፣ አንተ ከመጠን በላይ ስለምትፈልግ ነው ማግኘት ያቃተህ፤ የሚፈልግ ሰው ዓይኑ ከሚፈልገው በቀር ሌላ ስለማያይ አጠገቡ ያለው ያመልጠዋል የሚል ነው።

ካፌ ለካፌ የምትጠቀሰው እንግዲህ ይህች ንግግር ናት። «ሰላም የሚነሳህ ፍለጋው ራሱ ነው፤ ተወው፣ ያን ጊዜ ይመጣል» ይሉሃል ሻያቸውን እያማሰሉ። በሌላ ወገን ደግሞ የሚጾሙት፣ የሚሰግዱት፣ ሌሊት በአሥራ አንድ ሰዓት ተነስተው በዝምታ የሚቀመጡት አሉ። እነሱም ያችኑ መጽሐፍ ጠቅሰው «ሲዳርታ ባይፈልግ ኖሮ ከየት ያገኝ ነበር?» ይላሉ። ሁለቱም ወገን የሚስማማውን ቆርሶ ወስዷል። እኔ በዚህች ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው መጽሐፉ ከሁለቱም የሚከብድ ነገር መያዙን ነው። የመንፈስ ብርሃን ፍለጋ የውስጥ ሰላም ይሰጣል ወይስ ይነሳል ብሎ ከመከራከር በፊት «የማንን ሰላም?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። ሄሰ ይህን ጥያቄ ሁለት ጊዜ አንስቶታል፤ ሁለቱንም ጊዜ ያነሳው ግሩም አድርጎ ነው። መጨረሻው ላይ ግን ከእጁ የጣለው ይመስለኛል።

ላላነበበ ሰው ባጭሩ፣ ሲዳርታ የብራህማን ማለትም የሂንዱ ካህን ልጅ ነው። መልከ መልካም ነው፣ ብልህ ነው፣ ያየው ሁሉ ይወደዋል። መሥዋዕቱንም ጸሎቱንም ጠንቅቆ ያውቃል፤ ልቡ ግን አይረካም። ስለዚህ በጫካ እየዞሩ ሥጋቸውን ከሚያደርቁት መናኞች፣ ከሳማናዎች ጋር ሊሄድ ይወስንና አባቱን ፈቃድ ይጠይቃል። አባትየው ይህን ልመና ዳግመኛ ካፍህ እንዳልሰማ ይለዋል። ልጁ መልስ አይሰጥም። እጆቹን አጣምሮ እዚያው ይቆማል።

ይህ ሌሊት በእኔ ግምት ከመጽሐፉ ሁሉ የተሻለው ክፍል ነው። አባትየው ይተኛል፤ እንቅልፍ እንቢ ይለዋል። በየሰዓቱ ይነሳና በመስኮት ያያል፤ ልጁ እንደቆመ ነው። ይወጣል፣ ይገባል፣ ደግሞ ይነሳል። መጀመሪያ ቁጣ የነበረው ነገር ወደ ስጋት፣ ስጋቱም ወደ ኀዘን ይለወጣል። ሲነጋጋ የልጁ ጉልበት ሲንቀጠቀጥ ያያል፤ ፊቱ ግን ምንም አልተንቀጠቀጠም። ያን ጊዜ ነው ልጁ ከቤቱ አስቀድሞ እንደሄደ የሚገባው። ይፈቅድለታል። ሲፈቅድም አንድ ነገር ይለምነዋል፤ በጫካ ደስታን ያገኘህ እንደሆነ ተመልሰህ እኔንም አስተምረኝ፣ ያላገኘህም እንደሆነ ተመለስና እንደ ድሮው አብረን ለአማልክቱ እንሠዋ።

እኛ አገር ያደገ አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ማለቱ አይቀርም። ይህ ምርቃት ነው ወይስ ሽንፈት? ሲዳርታ ያን ሌሊት ደጅ የጠና ሊመስለን ይችላል። ግን ደጅ የሚጠና ሰው እንቢ ሊባል እንደሚችል አውቆ ነው የሚቆመው። ሲዳርታ የቆመው አባቱ እስኪሰበር ነው። ሄሰ ይህን በግልጽ አይለውም። ሆኖም ትረካውን የት እንዳቆመው ተመልከቱ፤ አባትየው መስኮት ላይ ነው። ልጁ በዚያ ሌሊት ምን እንዳሰበ አይነግረንም። የምናየው የአባትየውን እንቅልፍ ማጣት ነው። እንግዲህ በፍለጋው የመጀመሪያ ሌሊት ሰላሙን ያጣው ሰው ፈላጊው አይደለም ማለት ነው።

ያ ልመናስ? ሲዳርታ አልተመለሰም። ከሳማናዎች ጋር ሦስት ዓመት ያህል ቆየ፣ ጎታማ ቡድሃን አየ፣ ከተማ ገባ፣ ነገደ፣ ከወንዝ ዳር ሰፈረ፣ አረጀ። በዚህ ሁሉ ዘመን ወደዚያ ቤት አንድ ቀን እግሩን አላነሳም። አንድ ጊዜ ብቻ ያስባል። ከቡድሃ ተለይቶ ሲሄድ ወደ አባቱ ሊመለስ ይቃጣውና፣ እኔ እኮ ያ የድሮው ሲዳርታ አይደለሁም፣ እዚያ ሄጄ ምን አደርጋለሁ ብሎ ይተወዋል። ይህን የሚያስብበት ምዕራፍ ስሙ «መንቃት» ነው! ደራሲው ስሙን ያወጣው በምጸት ይሁን ከልቡ እስካሁን መወሰን አልቻልኩም።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ባለፈው ዓመት ከእኛ ፎቅ አንድ ልጅ ፈተናውን ሳይፈተን ወደ ገዳም ሄደ። ለማንም አልተናገረም። በልጁ ላይ የምፈርደው ነገር የለኝም፤ ምናልባት ዛሬ ከሁላችንም የተሻለ እንቅልፍ የሚተኛው እሱ ይሆናል። አባቱ ግን ከገጠር መጡ። በሶና ቆሎ በቋጠሮ ይዘው፣ የዶርሙ ደረጃ ላይ ተቀምጠው፣ የሚያልፈውን ተማሪ ሁሉ እየተነሱ ሲጠይቁ ዋሉ። ሰው እንደሚገምተው «የት ሄደ?» አልነበረም የሚሉት፤ «አሞት ነበር ወይ?» ነበር። «ሲዳርታ»ን ለሁለተኛ ጊዜ ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ መስኮቱ ላይ ያለው ሰው ካሰመሩት ከሦስቱ አንባቢዎች ይበልጥ ቢታየኝ አይፈረድብኝ።

አሁን «ፍለጋ ሰላም ይነሳል» ወደሚሉት ልመለስ። ለእነሱ የማይመች አንድ ሰው መጽሐፉ ውስጥ አለ፤ ጎታማ። ሲዳርታና ጎቪንዳ በሳቫቲ ከተማ አጠገብ፣ ጄታቫና በሚባለው የአትክልት ስፍራ ሲደርሱ ቡድሃን ማንም ሳያሳያቸው ከመነኮሳቱ መሀል ይለዩታል። ልብሱ እንደ ሌሎቹ ቢጫ ነው። የለዩት በሰላሙ ነው። አካሄዱ፣ ወደ ታች ያለው እጁ፣ የእጁ ጣቶች እንኳ ሳይቀሩ ሰላም ይናገራሉ ይላል ሄሰ። ይህ ሰው ደግሞ ሳይፈልግ ቁጭ ብሎ አላገኘውም። ከቤት ወጥቶ፣ ተርቦ፣ ተንከራቶ ነው ያገኘው። እንግዲህ ፈልጎ ሰላም ያገኘ ሰው መኖሩን መጽሐፉ ራሱ መስክሯል። ሲዳርታ የማይቀበለው ሌላ ነገር ነው፤ የጎታማን ሰላም በጎታማ ትምህርት መውረስ ይቻላል መባሉን። ፊት ለፊት ይነግረዋል፤ ትምህርትህ እንከን የለውም፣ ግን በዚያች የብርሃን ሰዓት በአንተ የሆነውን በቃል ለሌላ ልታካፍል አትችልም ይለዋል። ቡድሃም ይመልስለታል። የትምህርቴ ዓላማ ለማወቅ ለሚጓጉ ሰዎች ዓለምን ማስረዳት አይደለም፣ ከሥቃይ ማዳን ነው ይለውና፣ ከመጠን ያለፈ ብልጠት እንዳይጎዳህ ተጠንቀቅ ብሎ ያሰናብተዋል። በእጄ ባለው ቅጂ የሲዳርታ ንግግር ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል፤ የቡድሃ መልስ ግን ንጹሕ ነው። ምን ይደረግ፣ ተማሪዎች ነን።

እዚህ ላይ የሚበደለው ጎቪንዳ ነው። ጎቪንዳ ከቡድሃ ጋር ይቀራል፤ ዕድሜ ልኩን በሥርዓቱ ይኖራል። ሄሰም በየጥቂት ምዕራፉ እያመጣ ያሳየናል፤ ሁልጊዜ እንደተቅበዘበዘ፣ ሁልጊዜ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እንደቀረ። ለምን? ልብ ወለዱ ከሲዳርታ ጎን ቆሞ የሚያንስ ሰው ስለሚያስፈልገው። ጎቪንዳ የፍለጋ ውድቀት ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል እንጂ ኑሮው አልተጻፈም። ይህን ሁሉ ዓመት በዚያ ሥርዓት የኖረ ሰው አንድ ሰላማዊ ማለዳ አላየም የሚለው ፍርድ በደራሲው ሥልጣን የተሰጠ ነው፤ ታሪኩ አላስመሰከረውም። «ፈላጊ አያገኝም» የሚሉ ጓደኞቻችን የቆሙት በዚህ ባልተጻፈ ኑሮ ላይ ነው።

የከተማውን ክፍል ፈጥኜ አልፈዋለሁ። ሲዳርታ ከካማላ ፍቅርን ይማራል፣ ከነጋዴው ከካማስዋሚ ንግድን ይማራል፣ ይበለጽጋል፣ ዳይስ ይጫወታል፣ ይሰለቻል፣ ጥሎ ይሄዳል። ካማስዋሚ ሰው አይመስልም፤ ገንዘብ የሚያወራ አሻንጉሊት ነው። አንድ ነገር ግን መያዝ አለበት። ሲዳርታ በዚህ ዘመን ተራውን ሰው፣ የሚነግደውን፣ የሚያፈቅረውን፣ ለልጁ የሚጨነቀውን ሁሉ እንደ ሕፃናት ነው የሚያየው። አይጠላቸውም፤ ይስቅባቸዋል። እሱ ከእነሱ በላይ ነው። ጾም፣ ማሰብና መታገሥ አውቃለሁ ይላል። እውነትም ያውቃል። የማያውቀው ከሰው ጋር መቆየትን ነው። አባቱን ትቶ ሳማናዎችን፣ ሳማናዎችን ትቶ ጎታማን፣ ጎቪንዳን ትቶ ካማላን፣ ካማላንም ትቶ ወንዙን። እያንዳንዱ ሰው ለሲዳርታ መወጣጫ ነው፤ ከረገጠው በኋላ ዞር ብሎ አያየውም። ካማላን ሲለያት ልጁን አርግዛለች፤ እሱ አያውቅም።

ከዚያ ልጁ ይመጣል።

ካማላ ቡድሃ ሊሞት ነው ሲባል ሰምታ ልጇን ይዛ በእግሯ ስትጓዝ ወንዙ አጠገብ እባብ ይነድፋታል፤ በሲዳርታ ጎጆ ትሞታለች። ልጁ ከማያውቀው አባቱ ጋር ይቀራል። በቅምጥልነት ያደገ ነው፤ የሽማግሌዎቹን ሩዝ አይወድም፣ አይታዘዝም፣ ይሳደባል። ሲዳርታ ይታገሠዋል፣ ይለማመጠዋል፣ ሥራውን ይሠራለታል። አሻጋሪው ቫሱዴቫ ይመክረዋል፤ ልጁን በግድ እዚህ አታኑረው፣ ከእኩዮቹ ጋር የሚያድግበት ቦታ ውሰደው ይለዋል። አይሰማም። በመጨረሻ ልጁ «አባቴ አይደለህም» ብሎ ይጮኽበታል፤ በማግሥቱ ገንዘባቸውን ሰርቆ በታንኳዋ ተሻግሮ ይጠፋል። መቅዘፊያውም የለም። ሲዳርታ እስከ ከተማ ይከተለዋል። ድሮ ካማላን ባገኘበት በር ደርሶ ከአቧራው ላይ ይቀመጣል፤ ቫሱዴቫ መጥቶ ትከሻውን እስኪነካው ድረስ እዚያው ይቆያል።

ያ ሁሉ ጾም፣ ያ ሁሉ ተመስጦ እዚህ ምንም አይጠቅመውም። ሰላሙን ከምንጊዜውም ይበልጥ ያጣው አሁን ነው። ያጣውም በፍለጋው ምክንያት አይደለም፤ ሊተወው የማይችለው ሰው ስላገኘ ነው። ከዚህ ወዲያ ነው ልቡ የሚለወጠው። ልጆቻቸውን ይዘው የሚሻገሩትን መንገደኞች ሲያይ ይቀናባቸዋል፤ ሌባውና ወንበዴው እንኳ የሚወደውና የሚወደው ልጅ አለው፣ እኔ ብቻ ለምን አጣሁ ይላል። እንደ ሕፃን ያያቸው የነበሩት ሰዎች አሁን ወንድሞቹ ናቸው። ሄሰ ይህን ሲጽፍ አልተራቀቀም፤ ግልጽ አድርጎ ነው የጻፈው። ተመስጦ ያላደረገውን ያደረገው ቁስል ነው። ፍለጋ ወይስ አለመፈለግ ብለው የሚከራከሩት ሁለቱም ወገኖች «ልጁ» የተባለውን ምዕራፍ ቢዘሉት የሚሻላቸው ለዚህ ነው። ቀዩም እስክሪብቶ፣ እርሳሱም፣ ጥፍሩም በዚህ ምዕራፍ አላለፉም።

ይህን ምዕራፍ ማን እንደጻፈው ማወቅ ይጠቅማል። ሄሰ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1877 ካልቭ በምትባል የጀርመን ከተማ ነው። አባቱ በሕንድ ሚሲዮናዊ ነበር፤ እናቱ እዚያው ሕንድ ነው የተወለደችው፤ የእናቱ አባት ሄርማን ጉንደርት የማላያላም ቋንቋ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት የጻፈ ሊቅ ነው። ልጁ እንደ ቤተሰቡ የእግዚአብሔር አገልጋይ እንዲሆን በማውልብሮን የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት አስገቡት፤ በ1892 ገና አሥራ አምስት ሳይሞላው ከዚያ ጠፋ። አባቱ በ1916 ሲሞት ራሱ ታውኮ ሐኪም ዘንድ ይመላለስ ጀመር። ሚስቱ የአእምሮ ሕመም ያዛት፤ በ1919 እሱ ብቻውን በደቡብ ስዊዘርላንድ ሞንታኞላ በምትባል መንደር ሰፈረ፤ ሦስቱ ልጆቹ በሌላ ሰው እጅ አደጉ። «ሲዳርታ»ን የጀመረው በዚያው ዓመት ማብቂያ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ፈጥኖ ሄደለት። ከዚያ ብዕሩ ከአንድ ዓመት በላይ ቆመ። የሚሠቃየውን መናኝ ጽፎ ድል ያደረገውን ሲዳርታ ሊጽፍ ሲል አቃተው፤ ያልኖረውን መጻፍ እንደማይችል እሱም ገባው። ካርል ዩንግ ዘንድ ሄዶ በሥነ ልቡና ሕክምና ቆየ። መጽሐፉ ያለቀው በ1922 ነው።

ወላጆቹ ካስገቡት ቦታ የጠፋ ልጅ፣ ኋላም ከልጆቹ የተለየ አባት ማለት ነው። ይህን ሰው ለመክሰስ አይደለም የማነሳው፤ ኑሮው ቀላል አልነበረም። ነገር ግን ልጆቹን ትቶ የሄደው አባት በመጽሐፉ ውስጥ ልጁ ጥሎት የሄደ አባት ሆኖ መምጣቱን ሳያዩ ማለፍ ይከብዳል። መንገዱ ተገላብጧል። ምዕራፉ ልብ የሚነካውም፣ ቀጥሎ ያለው የሚያጠራጥረውም ለዚህ ይመስለኛል።

ቀጥሎ ያለው ይህ ነው። ሲዳርታ አንድ ቀን ልጁን ሊፈልግ ታንኳ ላይ ይወጣል። ወንዙ ሲስቅ ይሰማዋል። ጎንበስ ብሎ ውኃው ላይ ፊቱን ያያል፤ ፊቱ የአባቱን ይመስላል። ያን ጊዜ ያ ሌሊት ትዝ ይለዋል። አባቴም እንዲህ ተሠቃይቶ አልነበረም? ልጁን ዳግመኛ ሳያይ ብቻውን ከሞተ ቆይቶ የለም? ይላል። የርዕሴ መልስ ይኸው ነው፤ በአንድ የጥያቄ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተጠቅልሎ ያልፋል። ከዚያ ሲዳርታ ይህ ሁሉ መደጋገም፣ ይህ በክብ መዞር ቀልድ አይደለም ወይ ብሎ ያስባል፤ ወንዙም ይስቃል። ወደ ጎጆው ተመልሶ ለቫሱዴቫ ይናዘዛል፣ ወንዙን ያዳምጣል፣ የሺህ ድምፅ ኅብረት ይሰማል፣ ቁስሉ ያብባል፣ ሰላም ያገኛል።

እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። የአንድ ሰው ብቻውን መሞት የሌላው ሰው ጥበብ ማሟያ ሆኗል። «ሁሉም ይዞራል፣ እኔ ያደረግሁት በእኔ ደረሰ» ማለት ዕዳውን የከፈለ ያስመስላል። ግን ማን ለማን ከፈለ? ልጁ ሲዳርታን በማቁሰሉ አባትየው ምን አገኘ? የበደለው ሰው በመቁሰሉ የተበደለው አይካስም። በእኛ ዘንድ ለዕርቅ ሽማግሌ ሲቀመጥ ሁለት ወገን ይፈለጋል። የሲዳርታ ዕርቅ የተፈጸመው አንዱ ወገን በሌለበት፣ በራሱ ውስጥ ነው። ለዚህም ይመስለኛል ሰላሙ በጣም ንጹሕ፣ በጣም ቶሎ የመጣ የሚሆንብኝ።

ይህ ደግሞ ከሕንድ የመጣ ነው እንዳይባል፣ የቡድሃው ትውፊት ሌላ ነው የሚናገረው። ሲዳርታ የታሪካዊው ቡድሃ የልጅነት ስም ነው፤ ሄሰ አንዱን ሰው ለሁለት ከፍሎ ስሙን ለአንዱ፣ ጎታማነቱን ለሌላው ሰጠ። በትውፊቱ መሠረት ያ ሰውም አባቱን ሱድሆዳናን፣ ሚስቱንና ሕፃን ልጁን ራሁላን ትቶ ወጥቷል። ብርሃኑን ካገኘ በኋላ ግን ወደ ካፒላቫስቱ ተመለሰ። ልጁ ራሁላ ርስቴን ስጠኝ ብሎ ሲከተለው እንዲመነኩስ አደረገው። በዚህ ጊዜ አያትየው ሱድሆዳና መጥቶ አቤቱታ አቀረበ፤ አንተ ስትሄድ ሕመሜ ትንሽ አልነበረም፣ አሁን ደግሞ ራሁላን ወሰድክብኝ የሚል ነው አቤቱታው። ከዚያ ወዲህ ወላጆቹ ያልፈቀዱለት ልጅ እንዳይመነኩስ ሥርዓት ወጣ። ይህ ሥርዓት በመነኮሳቱ ሕግ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። የአንድ አባት ሕመም ሕግ ሆነ ማለት ነው! ሄሰ በዚያ ቤት አድጎ ይህን ታሪክ ሳይሰማ የቀረ አይመስለኝም። ሰምቶ ከሆነ መመለሱን ለምን ከመጽሐፉ አወጣው? የኔ ግምት፣ መመለስ ከገባ ሲዳርታ አባቱ ፊት ቆሞ የሚናገረው ነገር ሊኖረው ስለሚገባ ነው። ያንን ደራሲው አልኖረውም።

በዚህ ሁሉ መሀል መጽሐፉ ውስጥ ሰላሙን የማልጠራጠረው ሰው ቫሱዴቫ ነው። ማንበብ መጻፍ የሚያውቅ አይመስልም፤ ሚስት ነበረችው፣ ሞታለች፤ ወንዝ ያሻግራል። ሄሰ ጥበቡ ከወንዙ ነው ይለናል። ቫሱዴቫም ለሲዳርታ ሲነግረው፣ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች አሻግሬያለሁ፣ ለአብዛኞቹ ወንዙ የመንገድ መሰናክል ብቻ ነበር፣ ድምፁን የሰሙት አራት አምስት ቢሆኑ ነው ይላል። ደራሲው አራት አምስቱን ይወዳል። እኔ ደግሞ ሺዎቹን እያሰብኩ ነው ያነበብኩት። አንዱ ገበያ ይሄዳል፣ አንዱ ሠርግ፣ አንዱ ለሳሌምት ይሳለማል፤ ሁሉም ቸኩሏል። ይህ ሰው ግን ዕድሜውን በሙሉ ሌላው የቸኮለበትን ቦታ እንዲደርስ ሲቀዝፍ ኖረ። ወንዝ ዳር ተቀምጦ ማዳመጥ ቢበቃ ኖሮ እዚያ መንደር ያለ እረኛ ሁሉ ቡድሃ በሆነ ነበር። የሄሰ ዓይን ውኃው ላይ ነው፤ መቅዘፊያውን አያየውም። ያም ሆኖ ደራሲ ካሰበው በላይ የሚጽፍበት ጊዜ አለ፤ ሲዳርታ ካጠፋው ልጅ በኋላ የሚመለሰው ወደዚያው መቅዘፊያ ነው።

ይህን ሳስብ የዘርአ ያዕቆብ «ሐተታ» ትዝ ይለኛል። የጽሑፉ ጸሐፊ ማን ነው የሚለው ክርክር፣ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 የኢጣልያዊው መነኩሴ የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው ካለ ወዲህ አላበቃም፤ በእኛው ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ክሎድ ሰምነር የኢትዮጵያዊ ነው ብለው ተሟግተዋል። ማንም ይጻፈው፣ ታሪኩ ለዚህ ጉዳይ ይጠቅማል። ዘርአ ያዕቆብ በሱስንዮስ ዘመን ሸሽቶ በተከዜ ገደል ዋሻ ውስጥ ሁለት ዓመት ተቀመጠ፤ በዚያም ከመምህራን ያላገኘውን ማወቁን ይናገራል፤ ሰላምም ነበረው። ከዚያ ግን ይወርዳል። እንፍራንዝ ሄዶ ሀብቱ ለሚባል ባለጸጋ ዳዊት ይጽፋል፣ ልጆቹን ያስተምራል፣ ኂሩት የምትባለውን የቤት ሠራተኛ ያገባል። ጌታዋ ገረድህ ትሁን ሲለው፣ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸውና ሚስቴ እንጂ ገረዴ አትሆንም ይላል። በዋሻው ያገኘው ነገር ዋጋው የታወቀው በዚህ መልስ ነው። ሲዳርታ ግን ወንዙን ከሰማ በኋላ ለማን ምን እንዳደረገ መጽሐፉ አያሳየንም፤ ስለ ጥበቡ የሚወራ ዝና ብቻ ይደርሰናል።

ስለዚህ ፍለጋ ሰላም ይነሳል ለሚሉት ጎታማን፣ ይሰጣል ለሚሉት ደግሞ አቧራው ላይ የተቀመጠውን አባት አሳያቸዋለሁ። ለሁለቱም የምለው መጽሐፉን ከተሰመረበት ገጽ ውጭ እንዲያነቡት ነው። መናኙም፣ «ተወው» ባዩም የሚጨነቁት ለአንድ ልብ ነው፤ ለራሳቸው። ሄሰ በሁለት ምዕራፍ ከዚህ ወጣ፣ በቀሩት ተመለሰ። ይህም ሆኖ መጽሐፉ ትልቅ ነው። የሁለቱን ምዕራፍ ያህል እንኳ የደፈሩ የመንፈስ ልብ ወለዶች አላጋጠሙኝም።

መጨረሻው ገጽ ላይ ጎቪንዳ የሲዳርታን ግንባር ይስማል። የሲዳርታ ፊት ይጠፋና በምትኩ የሚፈስ የፊቶች ጎርፍ ያያል፤ የሚሞት ዓሣ፣ ገና የተወለደ ሕፃን፣ ነፍሰ ገዳይ፣ የሚተቃቀፉ ገላዎች፣ ሬሳዎች፣ የእንስሳት ራሶች፣ አማልክት። ሁለተኛ ሳነብ ጣቴን መስመሩ ላይ አድርጌ አንድ በአንድ ሄድኩበት። በዚያ ሁሉ ፊት መሀል በመስኮት የሚያይ ሰው የለም።